በወረርሽኝ ጊዜ ቤተሰብ ይዞ ተራራ ላይ ሆቴል ማደር፦ ከጅማ ለሚነሳ ሰው

በ2013 ዓ.ም. ጥር ላይ ባለቤቴ ዕቁብ ደረሰው። በሌላ ዘመን ቢሆን የቤቱን ቆርቆሮ እንቀይርበት ነበር። ያኔ ግን አስር ወር ሙሉ ከግቢ ያልወጣች እናት ነበረችኝ። ልጆቹ በፈረቃ ነው የሚማሩት፤ ግማሹን ሳምንት ቤት ውስጥ እንደ ድመት ይቧጨራሉ። እናቴን ልጆቼ በጅማ ልማድ «አኮ» ነው የሚሏት። አንድ ማታ አኮ ቡናዋን ፉት አለችና «ሳልሞት አንዴ የደጋ አየር ልሳብ» አለች። ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ። ቆርቆሮው በዚያው ቀረ።

ሦስት ሌሊት ተራራ ላይ፣ ሆቴል ውስጥ፣ ስዊት (ከአንድ በላይ ክፍል ያለው ማረፊያ) ይዘን አደርን። አምስት ሰው ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆችና አኮ። ማንም ሳይታመም ተመለስን። ዕድል ነበረበት፣ አልዋሽም። ግን ብዙ የተዘጋጀንበትም ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ሁሉ «እንዴት አደረጋችሁት?» እያለ ስለሚጠይቀኝ አንዴ ጽፌ ልገላገል። የሆቴሉን ስም አልጠራም፤ ደግ ሰዎች ናቸው፣ አንዳንድ ጉድለታቸውንም ስለማነሳ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ይህ መመሪያ በትንፋሽ ለሚተላለፍ በሽታ ነው፤ እንደ ኮሮና፣ እንደ ኢንፍሉዌንዛ። ኮሌራ ከሆነ የመጣው ጉዳዩ የውሃና የምግብ ነው፣ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መንግሥት «ከቤት አትውጡ» ካለም ይህን ጽሑፍ አጥፋችሁ ተቀመጡ።

1. ከተራራው በፊት ሆስፒታሉን ምረጡ

ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከፎቶ ነው። እኔም ከዚያ ነው የጀመርኩት። ባለቤቴ ግን «አኮ ሌሊት ትንፋሽ ቢያጥራት ኦክስጅን ያለው የት ነው?» ሲል ፎቶው ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ። ልክ ነበር። ጅማ ላይ ሆነን ይህን ጥያቄ አንጠይቅም፤ የዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከል እዚሁ ነው። ተራራ ላይ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው።

ለእኛ ቅርቡ ወንጪ ነው። በወልቂጤ አድርጋችሁ ወሊሶ ትደርሳላችሁ፣ ከዚያ ወደ ላይ መውጣት ነው። ጫፉ 3,386 ሜትር ነው። ሐይቁ ታች በገደል ተከቦ ተኝቷል። ታሞ ለሚወርድ ሰው ወሊሶ ላይ የቅዱስ ሉቃስ ሆስፒታል አለ። እንጦጦ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትርና ከዚያ በላይ ነው፣ የአዲስ አበባ ሆስፒታሎች ደግሞ ከእግሩ ሥር ናቸው። ባሌ ከተባለ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል አለ፤ ሳነቲ ላይ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ስለምትወጡ አዛውንት ይዞ መቸኮል የለም። ስሜን ውበቱ ሌላ ነው፤ ከጅማ ሩቅ ነው፣ ብዙዎቹ ማረፊያዎችም ከ3,000 ሜትር በላይ ይገኛሉ። በጤናው ዘመን ሂዱበት።

የእኔ ሕግ ይህች ናት፦ ከሆቴሉ በር እስከ ኦክስጅን በመኪና ከሁለት ሰዓት በላይ ከሆነ፣ አዛውንት ወይም አስም ያለበት ሰው ይዤ አልሄድም።

የከፍታውን ነገር አትናቁት። ጅማ ራሷ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከቆላ እንደሚመጣ ሰው አይደለንም። ቢሆንም ከ2,500 ሜትር በላይ ማደር አንዳንድ ሰው ያማል። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይነሳ።

2. ደውሉና ስለ መስኮት ጠይቁ

ይህ ከሁሉም ትልቁ ሥራ ነው፤ ስልክ ይዛችሁ አንድ ሰዓት ተቀመጡ።

ስዊት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሰፊ ሶፋ፣ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ገንዳ ያለው መታጠቢያ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ ዋጋ ያለው ግን በሩና መስኮቱ ነው። ከሌላ እንግዳ ጋር አየር ላለመጋራት ነው የምትከፍሉት። ቫይረሱ ከአፍና ከአፍንጫ በሚወጣ በጣም ደቃቅ ጠብታ ይጓዛል፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ሊንሳፈፍ ይችላል። የተከፈተ መስኮት ያንን ጠራርጎ ያወጣዋል። በ2012 ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ስናሳድድ ይህን የነገረን ሰው ጥቂት ነበር።

እና ለሪሴፕሽኗ ልጅ እንዲህ አልኳት፦

«የስዊቱ መስኮት ይከፈታል?»

«ቪው አለው እኮ እናቴ! ሙሉ ሸለቆው ይታያል።»

«ቪውስ ይኑረው። ይከፈታል ወይ?»

ዝም አለች። ሄዳ አይታ መጣች። የመጀመሪያው ስዊት መስኮት አይከፈትም፤ ከላይ እስከ ታች የተገጠመ መስታወት ነው። በጣም ውዱም እሱ ነበር። ሁለተኛው አነስ ይላል፣ ግን ሁለት መኝታ፣ ሁለት መታጠቢያ ቤት፣ በረንዳ፣ በሁለት ጎን የሚከፈት መስኮት አለው። እሱን ያዝን። በሁለት ጎን መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ አየር በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል።

ከመስኮቱ ቀጥሎ የምትጠይቁት በሩን ነው። በሩ የሚከፈተው ወደ ኮሪደር ነው ወይስ ወደ ውጭ? ለብቻው የቆመ ጎጆ ወይም ምድር ቤት ያለ፣ በቀጥታ ወደ ግቢ የሚያስወጣ ክፍል ካገኛችሁ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቤተ መንግሥት ይሻላችኋል። ሊፍት የለ፣ ኮሪደር ላይ መተላለፍ የለ።

ሁለት መታጠቢያ ቤት የምለው ለቅንጦት አይደለም። ከመካከላችሁ አንዱ ቢታመም የሚለይበት ክፍልና የሚጠቀምበት ሽንት ቤት ያስፈልጋል። አንድ መታጠቢያ ብቻ ካለው ስዊት፣ በር ለበር የሆኑ ሁለት ተራ ክፍሎች ይሻላሉ። ብዙ ጊዜም ይረክሳሉ።

ሌላው፦ ከእናንተ በፊት የነበረው እንግዳ መቼ ይወጣል? በወረርሽኝ ጊዜ ሆቴል ባዶ ነው። «አንድ ሌሊት ባዶ አድርጋችሁ አናፍሱልኝ» ብትሏቸው እሺ ይላሉ። እኛን እሺ ብለውናል።

ብርድ ልብሱስ? አንሶላ በየእንግዳው ይታጠባል። ብርድ ልብስና የአልጋ ልብስ ግን ሁሉም ቦታ አይታጠብም፣ ይህን ሆቴል ውስጥ የሠራ ሰው ያውቀዋል። በግልጽ ጠይቁ። እኛ «ታጥቧል» ተብለን ደርሰን ስናየው የአንድ ወንድ ሽቶ ይሸት ነበር። ደግነቱ ጋቢ ይዘን ነበር።

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የውሃ ማሞቂያውንም ይይዛል ወይስ አምፖል ብቻ? ክፍሉ የሚሞቀው በምንድን ነው? ምድጃ ካለው የጭስ ማውጫ አለው? እነዚህን አስታውሱ፣ ማታ ላይ እመለስባቸዋለሁ።

በመጨረሻ ብር። የተነገራችሁ ዋጋ 15 በመቶ ቫትና 10 በመቶ ሰርቪስ የተጨመረበት መሆኑን አረጋግጡ። ብዙ ቦታ አይጨመርበትም፣ ሒሳቡ ሲመጣ ነው የሚያስደነግጠው። ከመካከላችን ሰው ቢታመምና ብንቀር ቀብዱ ይመለሳል ወይ ብላችሁም ጠይቁ። መልሱን በቴሌግራም አስጽፉ። የቃል እሺታ ሰው ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። መሃል ሳምንት ብትሄዱ ሰውም ዋጋም ይቀንስላችኋል።

3. ከመነሳት በፊት ያሉት አስር ቀናት

ቫይረሱን ተራራው ላይ ከመፈለግ ይልቅ ከቤት ይዛችሁ እንዳትሄዱ መፍራት ይሻላል። በኮሮና በተያዘ ሰው ላይ ምልክቱ እስኪታይ እስከ 14 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ አብዛኛው ግን ቀደም ብሎ ነው የሚታየው። ስለዚህ አስር ቀን ሲቀር ክበባችሁን አጥብቡ። ሐሙስ ገበያ ሄርማታ መጋፋት ይቅር። በርጫም ይቅር፤ መስኮቱ ተዘግቶ ስምንት ሰው ለአምስት ሰዓት የሚቀመጥበት ክፍል ለቫይረስ ከዚያ የተመቸ የለም። ባለቤቴ ይቺን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ፤ ግን አስር ቀን ቻለ።

ከባዱ ለቅሶ ነው። እኛ ልንሄድ ስድስት ቀን ሲቀረን ጎረቤታችን እናቷ ሞቱባት። አለመሄድ የሚባል ነገር የለም። እኔ ብቻዬን ሄድኩ፣ ማስክ አድርጌ፣ ድንኳኑ ጫፍ ላይ ቆሜ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እጅ ነሳሁ። ቡናው ሲመጣ ወጣሁ። ስንመለስ ደግሞ ስኳርና ቡና ይዤ ሄድኩ። ተቀየመችኝ ብዬ ነበር፤ አልተቀየመችም።

ክትባት ያኔ አገር ውስጥ አልነበረም። የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ገደማ ዶዝ የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ነው፣ እኛ ከተመለስን በኋላ። አሁን ግን ለመጣው በሽታ ክትባት ካለ ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ጨርሱት፤ ሰውነት መከላከያውን ለመሥራት ጊዜ ይፈልጋል። ምርመራ ካለም በመነሻችሁ ዋዜማ አድርጉ። «ነፃ» የሚል ወረቀት ግን ማስክ አያስወልቅም፤ የሚናገረው ስለዚያች ቀን ብቻ ነው።

4. ሻንጣው

ለደጋ ብርድ የሚሆን ልብስ ይዛችሁ እንደምትሄዱ አልነግራችሁም። ጋቢ ግን በነፍስ ወከፍ አንድ አንድ። ከላይ ያነሳሁት የብርድ ልብስ ነገር አለ።

የጤናው ቦርሳ ለብቻው ይሁን፣ እናት እጅ ላይ ይሁን። ቴርሞሜትር፣ ፓራሲታሞል፣ ለተቅማጥ የሚጠጣው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ)፣ አኮ በየቀኑ የምትውጠው የደም ግፊት መድኃኒት ከሳምንት ትርፍ ጋር። በጣት ላይ የሚደረገው፣ የደም ኦክስጅንን በመቶኛ የሚለካው ኦክሲሜትር። ማስክ ለእያንዳንዱ ቀን በሰው ሁለት ሁለት፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ልጆች አታስገድዱ፣ ከሁለት ዓመት በታች ላሉት ጨርሶ አይደረግም። 70 በመቶ አልኮል በትንሽ መርጫ።

በረኪና በጠርሙስ ያዙ፣ ክዳኑን በላስቲክ እሰሩ። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ካለ፣ ለ1 ሊትር ውሃ 20 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ በሻይ ማንኪያ አራት ነው። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ። ከኮምጣጤ፣ ከአልኮል ወይም ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትደባልቁት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ለሆድ ደግሞ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የጅማ ማር፣ ጭኮ በዕቃ። ጀበና፣ ሲኒ፣ የተቆላና የተወቀጠ ቡና። ልጆቹ የሚጫወቱበት ካርታ። ኤክስቴንሽን ገመድ፤ የሆቴል ሶኬት ሁልጊዜ ከአልጋው ጀርባ ነው።

5. መንገዱ

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወንጪ ለሚሄድ ወሊሶ ላይ፣ ለአዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር ሲቀር ትታጠፋላችሁ። የራሳችሁ መኪና ከሌለ ከነሹፌሩ ኮንትራት ያዙ። አውቶቡስ ላይ በስንት ሰው መሃል ተቀምጣችሁ ስለ ስዊቱ መስኮት ብትጨነቁ ዋጋ የለውም። ሹፌሩም ማስክ ያድርግ፣ የፊትና የኋላ መስኮት ጣት ያህል ክፍት ይሁን። ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ በዚያ በኩል ከመጣ ሰው ጠይቁ።

ግቤ ሸለቆ ስትወርዱ እስከ 1,100 ሜትር ገደማ ትወርዳላችሁ። ሙቀቱ እንደ ምጣድ ነው። ድልድዩ ጋ መቆም ደስ ይላል፤ ምሳ ግን እዚያ አትብሉ፣ ልጆቹ መውጫው ላይ ያስታውካቸዋል። እኛን ደርሶብናል። ምሳ ከቤት ይዛችሁ ወልቂጤን አልፋችሁ ዛፍ ሥር ብሉ። ከዚያ ወደ ተራራው ስትወጡ ጆሮ ይደፈናል፣ የልጆቹ የቺፕስ ከረጢት እንደ ፊኛ ይነፋል። ልጄ «ሊፈነዳ ነው!» ብሎ እስከ ሆቴሉ በር ድረስ አቅፎት ሄደ።

6. ስትደርሱ፣ የመጀመሪያዋ ግማሽ ሰዓት

ሁላችሁም ሪሴፕሽን አትግቡ። አንድ ሰው ገብቶ ይመዝገብ፣ ሌላው ውጭ ይቁም። ሠራተኞቹ ለእንግዳ ፍቅር ሲሉ ሊያቅፏችሁ ይዳዳቸዋል፤ አኮ ደግሞ ሳትሳሳም ሰላምታ አይመስላትም። መኪና ውስጥ ሳለን አስጠናኋት፦ እጅ ደረት ላይ፣ ዝቅ ማለት። አደረገችው። ዘበኛው ግን አዛውንት ናቸው፣ እሳቸውን ስታይ ሁሉንም ረሳችና ትከሻቸውን ገጨች።

ክፍል ስትገቡ ዕቃ ከማራገፋችሁ በፊት መስኮቶቹንና የበረንዳውን በር ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ። ሁላችሁም በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ሃያ ደቂቃ ይንፈስ። አንድ ሰው ደግሞ ይጥረግ፤ እኛ ጋ እኔ ነኝ።

የምጠርገው ሰው እጅ የሚበዛበትን ብቻ ነው። የበር እጀታ። የመብራት ማብሪያ። የቧንቧ እጀታና የሽንት ቤት ማፍሰሻ። ስልኩ። የፍሪጅ በር። ከሁሉም በላይ ሪሞቱ፤ የሆቴል ሪሞት ስንት እንግዳ አልጋ ላይ ተኝቶ እንደጨበጠው አስቡት። እኔ ሪሞቱን ጠርጌ በግልጽ ፌስታል ጠቀለልኩት፣ በላዩ ላይ ይሠራል። ጨርቁን በተበጠበጠው በረኪና እርጥብ አድርጋችሁ ከጠረጋችሁ በኋላ ቢያንስ አንድ ደቂቃ በራሱ ይድረቅ። ግድግዳ፣ መጋረጃ፣ ምንጣፍ መንካት አያስፈልግም። በወረርሽኙ መጀመሪያ ሽንኩርት ሳይቀር በሳሙና ያጠብን ሰዎች ነን፤ ያ ጉልበት መስኮት ላይ ቢውል ይሻል ነበር።

ከዚያ ክፍል አከፋፍሉ። አዛውንቷ ለብቻዋ፣ ባለ መታጠቢያው ክፍል ውስጥ። ልጆች ከአያታቸው ጋር ማደር ይፈልጋሉ፤ ቀን ላይ በረንዳ ላይ ይጠግቧታል። ለክፍል አጽጂዎቹም ንገሩ፦ በየቀኑ አትግቡ፣ ፎጣ በር ላይ አስቀምጡልን፣ ቆሻሻውን እኛ እናወጣለን። ለእነሱም ጤና ነው። ልጅቷ «ጉርሻዬ ሊቀር ነው» ብላ እንዳታስብ በመጀመሪያው ቀን ሰጠኋት።

7. ሌሊቱ

እዚህ ላይ ልጠንክር። ተራራ ላይ ማታ ብርዱ አጥንት ይገባል። ሰው የሚያደርገው ሁለት ነገር ነው፤ መስኮት ይዘጋል፣ ከሰል ያስገባል። ከሰል ክፍል ውስጥ አታስገቡ። ጭስ ባይኖረውም፣ ፍም ብቻ ቢመስልም፣ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰው እንደተኛ ይቀራል። በየዓመቱ በብርድ ወቅት ስንት ቤተሰብ እንዲህ አልቋል። ሠራተኛው ራሱ በደግነት ማንደጃ ይዞ መጥቶ ነበር። አመስግነን በረንዳ ላይ አስቀመጥነው፣ ቡና አፈላንበት።

ታዲያ እንዴት ይሞቃል? የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ካለ ከመተኛታችሁ አንድ ሰዓት በፊት አብሩት። ምድጃው የጭስ ማውጫ ካለው እሳቱ ከፊታችሁ ይንደድ፣ ስትተኙ ግን ይጥፋ። የእኛ ምድጃ በመጀመሪያው ማታ ጭሱን ወደ ውስጥ መለሰው፤ ማውጫው ላይ ወፍ ጎጆ ሠርቶበት ኖሯል። ዓይናችን እያለቀሰ ወጣን። ሙቅ ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በካልሲ ጠቅልላችሁ እግር ሥር ማድረግ ከሁሉም ይበልጣል። መስኮቱን አንድ ጣት ያህል ክፍት ተዉት። ከአኮ ክፍል በስተቀር ሌላው እንዲሁ አደረ፤ የእሷን ጠዋትና ማታ ለአስር ደቂቃ ከፈትነው።

8. ኦክሲሜትሩ ያስደነገጠን ጊዜ

ሁለተኛው ሌሊት ላይ አኮ ራሴን አመመኝ አለች። ኦክሲሜትሩን ጣቷ ላይ አደረግሁ። 87 አለ። ጅማ ላይ ሁልጊዜ 95 ነበረች። እግሬ ከዳኝ። ባለቤቴ የመኪና ቁልፍ ፍለጋ ኪሱን ይገለብጣል። አኮ ራሷ ሻይዋን እየጠጣች «ምን ሆናችኋል?» ትለናለች።

ከዚያ ባለቤቴ የራሱን ለካ። 91። እኔ 90። ልጆቹ 92 እና 91። ሁላችንም ወርደናል። ገባን። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የጤነኛ ሰውም ቁጥር ይወርዳል፤ 3,000 ሜትር አካባቢ 90 ገደማ ማየት የተለመደ ነው። የአኮ ጣት ደግሞ በረዶ ነበር። ቀዝቃዛ ጣት መሣሪያውን ያሳስተዋል፣ የጥፍር ቀለምም እንዲሁ። እጇን አሻሽተን አሞቅንና ደገምነው፤ 90።

ስለዚህ እንደ ደረሳችሁ፣ ሁሉም ጤነኛ ሳለ፣ አርፋችሁ፣ እጅ አሙቃችሁ የሁሉንም ለኩና ስልክ ላይ ጻፉ። መነሻችሁ ያ ቁጥር ነው። ከራሱ መነሻ ላይ አራት አምስት የወረደ፣ ወይም ተቀምጦ ትንፋሽ ያጠረው፣ ወይም ከንፈሩ የጠቆረ ሰው ካለ አትከራከሩ፣ ውረዱ። ለከፍታ ሕመም መውረድ ራሱ መድኃኒት ነው። ለኮሮናም ኦክስጅኑ ያለው ታች ነው።

ራስ ምታቱስ? የከፍታው ከሆነ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ይመጣል፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት አብሮት ይኖራል፣ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ሳል ካለበት ግን በከፍታ አታሳብቡ። በመጀመሪያው ቀን ፈረስ ግልቢያም ዳገትም ይቅር፣ ውሃ ጠጡ፣ ቶሎ ተኙ።

9. መብላትና ቡና

ቡፌ አትሂዱ። ጭልፋውን ሁሉም ይጨብጠዋል፣ ሰልፉ ላይ ሁሉም ያወራል። ያኔ የወጣው መመሪያም በአንድ ጠረጴዛ ከሦስት ሰው በላይ አያስቀምጥም ነበር፤ አምስት ሰው ሆኖ እንዴት ይበላል? ክፍል ድረስ አስመጣን። በር ላይ ያስቀምጣሉ፣ እኛ በረንዳ ላይ እንዘረጋለን። አንድ ትሪ ላይ ዙሪያውን መብላት የቤተሰብ ከሆነ ችግር የለውም፤ አየሩንም ተጋርታችሁ ነው የምታድሩት። ምግብ ማብሰያቸው ከፍታው ላይ ስለሚዘገይ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ እዘዙ።

የቡናው ነገር ሳይነገር አይታለፍም። ከጅማ ሄደን የሆቴል ማሽን ቡና አንጠጣም። አኮ ጀበናዋን ማንደጃው ላይ ጣደች። ቶሎ ተንተከተከ። ቀዳች፣ ቀመሰች፣ ፊቷን አጨማደደች። «የዚህ አገር ውሃ ይፈላል እንጂ አይሞቅም» አለች። እውነቷን ነው፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ውሃ በትንሽ ሙቀት ይፈላል። ጅማ ላይ በ94 ዲግሪ ገደማ፣ 3,000 ሜትር ላይ በ90። መፍትሔውን ራሷ አገኘችው፦ ቡናውን በዛ አድርጋ፣ ከፈላ በኋላም ጥቂት ደቂቃ ፍሙ ጫፍ ላይ አቆየችው። ሁለተኛው ስኒ የቤታችን ቡና ሆነ።

ከጎናችን ጎጆ ያረፉ ባልና ሚስት ሽታው ስቧቸው መጡ። ጅማ ቢሆን «ግቡ» ነው። እኛ ሳር ላይ ወንበር አወጣንላቸው፣ ሁለት ሜትር ራቅ ብለው ተቀመጡ፣ በራሳቸው ብርጭቆ ቀዳንላቸው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ አንዱም አልቀረ።

ለልጆች ውጭ ያለው ሁሉ ይፈቀድ፣ ጣሪያ ያለው ሁሉ ይቅር። ስቲምና ሳውና አትግቡ፣ ትንሽ፣ ዝግ፣ እርጥብ ክፍል ነው።

10. ሰው ቢታመምስ

ይህን ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩበት፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ተኝቶ የነቃ ሰው በደንብ አያስብም። የእኛ ውል እንዲህ ነበር። የታመመው ባለ መታጠቢያው ክፍል ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ መስኮቱ ይከፈታል። አንድ ሰው ብቻ ያስታምመዋል፣ ማስክ አድርጎ፤ ያ ሰው እኔ ነኝ። አኮ ከታመመች ግን አንጠብቅም፣ በዚያው ሌሊት እንወርዳለን። ስለዚህ መኪናው ማታ ማታ ነዳጅ ሞልቶ፣ አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙሮ ይቁም። ሹፌር ከያዛችሁ የት እንደሚያድር እወቁ። ያኔ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነፃ መስመር 8335 ነበር፤ የመጣው በሽታ የትኛውም ይሁን የዘመኑን ቁጥር ስልካችሁ ላይ ያዙ።

ለሆቴሉም ንገሩ። መደበቅ ነውር ነው፤ ክፍሉን ነገ የምትጠርገው ልጅ እናት አላት።

11. መመለሻ

ስትወጡ መስኮቶቹን ክፍት አድርጋችሁ ተዉ፣ አንሶላውን ራሳችሁ ገፍፋችሁ በር ሥር ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። ሒሳቡን በሞባይል ባንኪንግ ክፈሉ።

ቤት ከደረሳችሁ በኋላ ለአንድ ሳምንት ራሳችሁን ተመልከቱ፣ ሽማግሌ ቤት አትሂዱ። እኛ በገባን ማግስት ጎረቤቶች «እንኳን ደህና ገባችሁ» ሊሉ መጡ። በር ላይ መመለስ አይቻልም። ባለቤቴ ስድስት በርጩማ አቮካዶው ዛፍ ሥር አራርቆ ደረደረ፣ አኮ ከመስኮቷ ሆና ስለ ተራራው ታወራለች፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ዘበኛው አዛውንት።